የአምበር ሐብል ለሕፃን አንገት አይሆንም

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፦

ይህን የምጽፈው ጥርስ ለሚያበቅሉ ሕፃናት ሕመም ማስታገሻ ነው እየተባለ ስለሚሸጠው የአምበር ሐብል ነው።

አምበር ድንጋይ ይባል እንጂ ከሚሊዮን ዓመታት በፊት ከዛፍ ፈስሶ፣ አፈር ውስጥ ተቀብሮ የጠጠረ ሙጫ ነው። ፈዋሽነቱ መወራት ከጀመረ ቆይቷል። ሮማዊው ፕሊኒ በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ የሰሜን ኢጣሊያ የገጠር ሴቶች ለጌጥም ለጉሮሮ ሕመም መከላከያም ያስሩት እንደነበር ጽፏል። ሲታሽ ገለባ መሳቡም ምስጢር ያለው አስመስሎታል፤ ኤሌክትሪክ የሚለው ቃል ራሱ ከግሪክኛ ስሙ፣ ከኤሌክትሮን የመጣ ነው።

የዛሬ ሻጮች የባልቲክ አምበር ከ3 እስከ 8 በመቶ ሰክሲኒክ አሲድ የተባለ ንጥረ ነገር አለው፣ እሱም በገላ ሙቀት ወጥቶ ወደ ቆዳ ይሰርጋል፣ ሕመሙንም ያስታግሳል ይላሉ። አሲዱ መኖሩ እውነት ነው። ነገር ግን የቀድሞ ቀማሚዎች እንኳ ያገኙት አምበሩን በብርቱ እሳት አንጥረው ነው፤ የገላችን ሙቀት 37 ዲግሪ ብቻ ነው።

አደጋው ግን በተግባር የታየ ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ አንድ የ18 ወር ሕፃን በተኛበት በአምበር ሐብል ታንቆ መሞቱን ገልጿል። ክሩ ቢበጠስ ደግሞ ፍሬው ትንፋሽ ይዘጋል። እባካችሁ ወላጆች፣ ድዱን በንጹሕ ጣት እሹለት፤ ወይም ጠንከር ያለ የላስቲክ ማኘኪያ ስጡት፣ በረዶ እስኪሆን ግን አታቀዝቅዙት።

ለአዋቂ ግን ውብ ጌጥ ነው። ሐሰተኛው ስላለ በ250 ሚሊ ሊትር ውኃ 50 ግራም ጨው አሟሙቶ ፍሬውን መጨመር ነው፦ አምበር ይንሳፈፋል፣ ብርጭቆና ቤክላይት የተባለው ጠንካራ ፕላስቲክ ይሰምጣሉ። ብረት ማያያዣ ካለው እውነተኛውም ሊሰምጥ ስለሚችል ፍሬው ለብቻው ይፈተን። የተንሳፈፈ ሁሉም አምበር አይደለም፤ ፖሊስታይሪን የተባለው ፕላስቲክና ኮፓል የሚባለው ዕድሜው ያልገፋ ሙጫም ይንሳፈፋሉ። ኮፓልን ለመለየት በማይታይ ጎኑ አንድ ጠብታ አሴቶን (የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ውስጥ የሚገኘው ፈሳሽ) ማድረግ ይበቃል፤ ቶሎ የሚያጣብቅ ከሆነ ኮፓል ነው። የጋለ መርፌ መውጋትን አልመክርም፤ ደህናውን ፍሬ ይሰነጥቃል።

ከጨው ውኃው ሲወጣ በንጹሕ ውኃ ይለቅለቅ፤ ጨው ሲደርቅበት ውበቱን ያደበዝዘዋል። ሽቶና አልኮልም ገጹን ስለሚጎዱት፣ ሽቶው ቆዳ ላይ ከደረቀ በኋላ ይታሰር።

ከአክብሮት ጋር