ለማይክሮባዮሎጂ ላቦራቶሪያችን የዋተር ባዝ መግዣ የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

የተከበራችሁ የትምህርት ክፍላችን የቀድሞ ተማሪዎች፣ መምህራንና ወዳጆች፣

ለማይክሮባዮሎጂ ላቦራቶሪያችን ሁለት ዋተር ባዝ (ናሙናን በተወሰነ ሙቀት የሚያቆይ የሞቀ ውሃ ገንዳ) እና አንድ ስታቢላይዘር (የመብራት ኃይል መዋዠቅን የሚያስተካክል መሣሪያ) ለመግዛት የጀመርነውን መዋጮ እንድታግዙ በአክብሮት እንጠይቃለን። ዋተር ባዝ ሲያዩት ክዳን ያለው የብረት ሣጥንና የሞቀ ውሃ ብቻ በመሆኑ፣ ማይክሮስኮፕ ለመግዛት የሚዘረጋ እጅ ለዚህ ዕቃ ቶሎ እንደማይዘረጋ እናውቃለን።

ላቦራቶሪው ከማስተማሩ ጎን ለጎን ከአካባቢው ምንጮችና የጉድጓድ ውሃዎች የሚመጡ ናሙናዎችን ይመረምራል። ውሃው በሰገራ መበከሉን የሚጠቁሙት ባክቴሪያዎች የሚለዩት ናሙናው በ44.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ24 ሰዓት ሲቆይ ሲሆን፣ የሚፈቀደው መዋዠቅ ከ0.2 ዲግሪ አይበልጥም። ሙቀቱ ዝቅ ካለ በአፈርና በዕፅዋት ላይ የሚኖሩ ሌሎች ኮሊፎርሞችም (የዚሁ ቡድን ባክቴሪያዎች) አብረው ስለሚያድጉ ደህናው ውሃ የተበከለ ይመስላል፤ ከልክ በላይ ከፍ ካለ ደግሞ የምንፈልጋቸው ባክቴሪያዎች ራሳቸው እድገታቸው ስለሚገታ፣ የተበከለው ውሃ ንጹሕ ነው የሚል ውጤት ይዞ ሰው ወደ መንደሩ ይመለሳል። የኢንኩቤተር (ባክቴሪያ በሞቀ አየር የሚያድግበት ሣጥን) በር በተከፈተ ቁጥር ውስጡ ያለው አየር ይቀዘቅዛል፤ የተከደነና የሚዘዋወር ውሃ ግን ሙቀቱን አጥብቆ ይይዛል፣ መብራት ሲቋረጥም ቶሎ አይቀዘቅዝም። አሁን ባለን አሮጌ ዋተር ባዝ ማሞቂያው በቧንቧ ውሃ ጨው ስለተሸፈነ፣ መቆጣጠሪያው 44.5 እያሳየ በአንዱ ጥግ የተነከረው ቴርሞሜትር 43 ያነባል።

ሁለተኛው ዋተር ባዝ ለሚዲያ (ለባክቴሪያ ማሳደጊያ ምግብ) ዝግጅት ይውላል። ከኦቶክሌቭ (በእንፋሎት ግፊት ጀርም ከሚያጠፋው መሣሪያ) የወጣ አጋር (ሲበርድ የሚረጋ ሚዲያ) ከ45 እስከ 50 ዲግሪ ድረስ ሳይበርድ ደም ከተጨመረበት የደም ሴሎቹ ይፈነዳሉ፤ ወደ 40 ዲግሪ ግድም ሲወርድ ደግሞ ገና ፔትሪ ዲሽ (ባክቴሪያ የሚያድግበት ክብ ሳህን) ላይ ሳይፈስ በጠርሙሱ ውስጥ መርጋት ይጀምራል። ዛሬ ተማሪዎቻችን ጠርሙሱን በእጃቸው ዳብሰው በግምት ነው የሚያፈሱት።

የምንገዛው ውሃውን የሚያዘዋውር ሞተርና እንደ ቤት ጣሪያ የተዳፋ ክዳን ያለውን ዓይነት ነው፤ እንዲህ ያለው ክዳን ላይ የሚጠራቀመው ላበት ቲዩቦቹ ላይ ሳይንጠባጠብ በጎን ይወርዳል። ከዚህ በኋላ በዲስቲልድ (ተንኖ ከጨው በጸዳ) ውሃ ብቻ እንዲሞላና ውሃው በየሳምንቱ እንዲቀየር ኃላፊነቱን የላቦራቶሪ ቴክኒሻኖቹ ወስደዋል፤ ሳይቀየር የቆየ ለብ ያለ ውሃ ራሱ ባክቴሪያ ያራባልና።

ግዢው ከሦስት አቅራቢዎች በሚሰበሰብ ፕሮፎርማ ተወዳድሮ ይፈጸማል፤ ለእያንዳንዱ መዋጮ ደረሰኝ ይሰጣል፣ የግዢው ሰነድም ለሁሉም አዋጪ ይላካል። አሜሪካ የምትኖሩና ያገለገለ ዕቃ ለመላክ የምታስቡ፣ የአገራችን መስመር 220 ቮልት ስለሆነ በ110 ወይም በ120 ቮልት ብቻ የሚሠራውን እንዳትልኩ እናሳስባለን። ከዚያ ይልቅ አሥረኛ ዲግሪ የሚያነብና የልኬት ምስክር ወረቀት ያለው ቴርሞሜትር ብትልኩልን በእጅጉ ይጠቅመናል፤ ቀላል ስለሆነ መንገደኛም ይዞት ይመጣል።