ዶርም ከመግባትሽ በፊት

ልጄ፣

ባወራሁሽ ቁጥር «እሺ እማዬ፣ ገባኝ» እያልሽ ስለምታልፊኝ በጽሑፍ ይድረስሽ ብዬ ነው።

አብረውሽ ዶርም ለሚደርሳቸው ልጆች የሚጥል በሽታ እንዳለብሽ በመጀመሪያው ቀን ንገሪያቸው። እንደሚከብድሽ አውቃለሁ። ግን ሳያውቁ ከሚደነግጡ አውቀው ቢረዱሽ ይሻላል።

ከየት መጣ ካሉሽ እውነቱን ንገሪያቸው። በሰባት ወርሽ ነው የተወለድሽው። ያኔ የአንጎል ነጩ ክፍል፣ አንዱን የአንጎል ቦታ ከሌላው የሚያገናኙት መስመሮች ያሉበት፣ ገና እየተሠራ ነው። ደምና ኦክስጅን ካነሰው ወይም ኢንፌክሽን ካገኘው ቶሎ ይጎዳል። ሐኪሙ ኤምአርአይ ላይ ያሳየን ይህንኑ ነው። የእግርሽ መገተርም፣ የሚጥልሽም ከዚያው ጉዳት የመጣ ነው። እንዲህ የተጎዳ ሁሉ አይጥለውም፤ ዕድሉ ግን ከሌላው ሰው ይበልጣል። እርግማን አይደለም፣ የሰው ዓይንም አይደለም። አረፋው የነካውም ሰው አይያዝም። በዚህ ወሬ ስንት ልጅ ከትምህርት ቤት እንደቀረ ሳስብ አንጀቴ ያርራል። ደግሞ ብቻሽን አይደለሽም። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ቡታጅራ ላይ ባጠኑት ጥናት ከ1000 ሰው 5 ያህሉ ይህ ሕመም ነበረበት። ግቢው ውስጥ ስንት እንዳንቺ ያለ ተማሪ እንደሚኖር አስቢው።

ያንቺ የሚነሳው አብዛኛውን ጊዜ ሊነጋጋ ሲል፣ እንቅልፍ ላይ ሆነሽ ነው። ዓይንሽ ወደ ቀኝ ይሄዳል፣ ከንፈርሽ ይገረጣል፣ ከዚያ መንቀጥቀጡ ይከተላል። በጎንሽ ያስተኙሽ። ጭንቅላትሽ ሥር ጋቢም ይሁን ጃኬት ያድርጉልሽ። ሰዓት ይመልከቱ፤ 5 ደቂቃ ካለፈ ሐኪም ቤት ይውሰዱሽ። ክብሪት አያሽቱሽ። አፍሽ ውስጥ ማንኪያም ጣትም አያስገቡ። አፍነውም አይያዙሽ። ስትነቂ ግራ ስለሚገባሽ፣ አጠገብሽ ሆነው በቀስታ ቢያናግሩሽ ይበቃል።

አልጋው ተደራራቢ ነውና የታችኛውን ጠይቂ፤ ምክንያቱን ሳታፍሪ ተናገሪ። ሻወር ስትገቢ በሩን ከውስጥ አትቆልፊ። ጣና ዳር ተዝናኚ፣ ዋና ግን ብቻሽን አይሆንም። ለፈተና ብለሽ ሌሊቱን አታንጊው፤ እንደ እንቅልፍ ማጣት የሚቀሰቅሰው ነገር የለም። ጾም ላይም ብትሆኚ የጠዋቱን መድኃኒት በሰዓቱ ዋጪ። አባም ያሉሽ ይህንኑ ነው። ተሽሎኛል ብለሽ ደግሞ በድንገት እንዳታቆሚው። ያኔ ሳያቋርጥ እየደጋገመ ሊጥልሽ ይችላል፤ ያ ለሕይወት ያሰጋል።

ባሕር ዳር እንደደረስሽ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ካርድ አውጪ። የሕክምና ወረቀቶችሽን ኮፒ አድርጌ ሻንጣሽ የጎን ኪስ ውስጥ ከትቼልሻለሁ። መድኃኒቱ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ንገሪኝ። እዚያ ፋርማሲ ከጠፋ፣ ከዚህ ገዝቼ በሚመጣ ሰው እልክልሻለሁ።

እናትሽ