ቀለም ከመቀባታችን በፊት ትምህርት ቤቱን እንለካው

ክቡር አዘጋጅ፣

ስለ መንግሥት ትምህርት ቤቶች የክረምት እድሳት በጋዜጣችሁ የሚወጡ ዘገባዎችን በየዓመቱ በጥሞና እከታተላለሁ። ልጆቼ የሚማሩት አዲስ አበባ ውስጥ በሚገኝ አንድ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። እኔም የትምህርት ቤቱ ወላጅ መምህር ኅብረት አባል ስሆን፣ መተዳደሪያዬ የሕንፃ ሥራ ተቆጣጣሪነት ነው። በወላጅነትም በሙያዬም ያየሁት ነገር ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ግድ ብሎኛል።

ባለፈው ጥር ወር ሦስት የኅብረቱ አባላት ሜትር ይዘን ሁለት ቅዳሜ በትምህርት ቤቱ ግቢ ዋልን። አንዱ የሁለተኛ ክፍል መማሪያ ሰባት በስምንት፣ ማለትም 56 ካሬ ሜትር ነው። በመምህሯ ስም መጥሪያ ላይ የሰፈሩት ልጆች 78 ናቸው። የሰሌዳውንና የመምህሯን ቦታ ሳንቀንስ እንኳ ለአንድ ልጅ የሚደርሰው ከሦስት አራተኛ ካሬ ሜትር ያነሰ ነው። ሰኞ ዕለት ትምህርት በሚሰጥበት ሰዓት ተመልሰን ስንገባ፣ ለሦስት ልጆች በተሠራው ኮምባይንድ ዴስክ ላይ አምስት ተቀምጠዋል። ዳር ላይ ያለችው ልጅ አንድ እግሯን ወደ መተላለፊያው አውጥታ፣ ደብተሯን ጭኗ ላይ አድርጋ ትጽፋለች፤ ከጎኗ ያለው ልጅ ክንዱን ባነቃነቀ ቁጥር እርሳሷ ከመስመር ይወጣል። መምህሯ ወደ ኋላ ረድፍ የምታልፍበት መንገድ ስለሌላት የኋለኞቹ ልጆች ደብተራቸው እንዲታረምላቸው ከእጅ ወደ እጅ ያቀብላሉ። ለአንደኛ ደረጃ የወጣው አገራዊ መለኪያ በአንድ ክፍል 50 ተማሪ ነው የሚለው።

ለመጨናነቁ ማንንም መውቀስ አልፈልግም፤ ምክንያቱ ብዙ ነው፣ ከፊሉም በጎ ነው። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በከተማዋ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ምገባና የደንብ ልብስ መሰጠቱ፣ ቀድሞ ቤት ይውሉ የነበሩ ልጆችን አምጥቷል። የግል ትምህርት ቤት ክፍያ በጨመረ ቁጥርም ወላጅ ልጁን ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት ይመልሳል። የቅድመ አንደኛ ክፍሎችም በዚያው ግቢ ተከፍተዋል። በዚህ ላይ ከመሀል ከተማ የተነሡ ነዋሪዎች ወደ ዳርቻው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ሲሄዱ፣ በአንዱ ሰፈር ተማሪ ሲሳሳ በሌላው ይጎርፋል። ግቢው ግን ያው ግቢ ነው። የእኛ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍቱን ለመማሪያ ክፍልነት፣ መጋዘኑን ለመምህራን ማረፊያነት፣ የመምህራን ማረፊያውን ደግሞ ለምገባ አስረክቧል፤ እንዲያም ሆኖ ልጆቹ የሚበሉት በተራ ነው።

ቅር የሚለኝ በእድሳቱ አሠራር ነው። ክረምት ሲገባ በጎ ፈቃደኞች ይመጣሉ፤ ግድግዳው ይቀባል፣ የተሰበረው ዴስክ ይበየዳል፣ በአጥሩ ላይ ፊደልና የሰው አካል ክፍሎች ይሣላሉ። የእነዚህን ሰዎች ድካም አከብራለሁ፤ እኔም አብሬ ቀብቻለሁ። ይሁን እንጂ ከሁለት ዓመት በፊት የቀባነው የጭቃ ሕንፃ ታኅሣሥ ሳይደርስ ቀለሙ እያበጠ መላጥ ጀመረ። ዘንድሮ ምክንያቱን ለማወቅ የልስኑን ጥግ በካቻቢቴ ብንነካው፣ ብረቱ እስከ እጀታው ድረስ ያለ ተቃውሞ ገባ፤ ከውስጥ ያለውን ቋሚ እንጨት ምስጥ ጨርሶታል። ጭቃ ቤት በሲሚንቶ ሲለሰን ከውጭ ሲያዩት ያምራል። ከጣሪያው የሚወርደው ውኃ ግን ከልስኑ በስተጀርባ ገብቶ መውጫ ስለሚያጣ፣ እንጨቱ ሳይታይ ይበሰብሳል። ለእኛ ሕንፃ የሚበጀው የተቀደደውን አሸንዳ መቀየርና ውኃውን ከመሠረቱ ማራቅ ነበር፤ እሱ ሳይሠራ የተቀባ ቀለም ጉዳቱን ከዓይናችን ከመሰወር በቀር ያደረገልን ነገር የለም። በዚያ ሕንፃ ውስጥ አራት ክፍሎች ዛሬም ይማራሉ። በ2017 ዓ.ም. ከአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ይነሣ የነበረው የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ በተሰማ ጊዜ ብዙ ወላጅ እንቅልፍ አጥቶ ነበር። ያን ጊዜ ግቢያችን ውስጥ የትኛው ሕንፃ እንደሚያሰጋ ቢጠየቅ የሚመልስ ሰነድ አልነበረም፤ አሁንም የለም።

ስለዚህ ማንኛውም ትምህርት ቤት ከመታደሱ በፊት በባለሙያ የተለካና በጽሑፍ የሰፈረ ጥናት እንዲኖረው እጠይቃለሁ። ጥናቱ ሕንፃውን ብቻ የሚመለከት መሆን የለበትም። በቀጣዮቹ አምስት ዓመታት ስንት ልጅ እንደሚመጣ በሰፈሩ ከሚገኙ የቅድመ አንደኛ ክፍሎች ቁጥርና ከወረዳው የነዋሪ መዝገብ መገመት ይቻላል፤ ይህ ግምት ሳይያዝ የሚሠራ ክፍል ሲመረቅ ጠቦ ይገኛል፣ አለዚያም ነዋሪው በልማት ከተነሣ ባዶውን ይቀራል። አዲሱ የትምህርት ሥርዓት 7ኛና 8ኛ ክፍልን መካከለኛ ደረጃ ብሎ ከአንደኛ ደረጃ ለይቷቸዋል። እነዚህን ክፍሎች በአቅራቢያው ወዳለ ሌላ ግቢ ማዛወር የሚቻል ከሆነ፣ አንድ ብሎኬት ሳይገዛ የሚለቀቁ ክፍሎች ይኖራሉ። ይህ በጥናቱ ሊታይ የሚገባው የመጀመሪያ ጥያቄ ነው ብዬ አምናለሁ።

መጸዳጃ ቤቱ ከመማሪያ ክፍሉ የባሰ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለትምህርት ቤቶች ባወጣው መለኪያ ለ25 ሴት ልጆች አንድ መቀመጫ፣ ለ50 ወንዶች ደግሞ አንድ መቀመጫና አንድ የሽንት መሽኛ ያስፈልጋል። የእኛ ሴቶች ከ900 በላይ ናቸው፤ በዚህ ስሌት ቢያንስ 36 በር ሊኖራቸው ይገባ ነበር። ያላቸው ስድስት ሲሆን፣ ሁለቱ ጉድጓዱ ስለሞላ ተቆልፈዋል። የዕረፍት ደወል ሲደወል ሴቶቹ ልጆች የሚሮጡት ወደ ጨዋታ ሳይሆን ወደ ሰልፍ ነው፤ ተራ ሳይደርሳቸው ደወል ተደውሎ የሚመለሱትን አይቻለሁ። የስድስተኛ ክፍል ልጄ ጠዋት ከቤት ስትወጣ ውኃ አትጠጣም። ምክንያቱን ለረጅም ጊዜ አልነገረችንም ነበር፤ እናቷ ደጋግማ ስትጠይቃት ነው የነገረቻት። ክፍሎች ሲጨመሩ ጉድጓዱና የውኃ መስመሩ አብረው ካልተጨመሩ ይህ ችግር ይብሳል። ሆኖም ከመሬት በታች የሚሠራ ሥራ በምረቃ ቀን ስለማይታይ ሁልጊዜ ወደ ኋላ ይገፋል።

ለማስፋፊያ ሲባል አሁን የተለመደው ባለ አራትና ባለ አምስት ወለል ሕንፃ በሜዳው ላይ ማቆም ነው። ወደ ላይ መሥራትን አልቃወምም፤ የከተማ ቦታ ጠባብ ነው። ነገር ግን ከአንድ ሺህ በላይ ልጆች በአንድ ደወል በአንድ ደረጃ የሚወርዱበት ሕንፃ ለአደጋ የተጋለጠ ስለሆነ፣ ሁለተኛ መውረጃ ደረጃ በንድፉ ውስጥ ከመጀመሪያው ሊገባ ይገባል። ትናንሾቹ ልጆችና አካል ጉዳተኞች ምድር ቤት መማር አለባቸው፤ የአካል ጉዳተኞች መዳረሻ ጉዳይ የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 የደነገገው ግዴታ እንጂ በጎ አድራጎት አይደለም። ሕንፃውም ባለን ብቸኛ ሜዳ ላይ ሳይሆን ዕድሜያቸውን በጨረሱት የጭቃ ረድፎች ቦታ ላይ ቢያርፍ ይሻላል። ይህ ልጆቹን ለአንድ ዓመት በፈረቃ ማስተማርን ይጠይቃል። ፈረቃ ወላጅን እንደሚያስቸግር፣ የምገባ ሰዓትንም እንደሚያዛባ አውቃለሁ። ሆኖም መጀመሪያውና መጨረሻው በጽሑፍ የታወቀ የአንድ ዓመት ፈረቃ፣ ለዘለቄታው ሜዳ ከማጣት ይቀላል፤ በየቤታችን የሚሮጡበት ግቢ የሌላቸው ልጆች ናቸው ወደዚያ ሜዳ የሚመጡት።

ጊዜውም ሊታሰብበት ይገባል። የበጀት ዓመቱ የሚጀምረው ሐምሌ 1 ቀን ነው፤ ሐምሌ ደግሞ ዝናብ ነው። በጀት ተለቆ፣ የጨረታ ሰነድ ተዘጋጅቶ፣ አሸናፊው እስኪለይ ልጆቹ መስከረም ላይ ይገባሉ፤ ሥራ ተቋራጩም አሸዋውን የሚያራግፈው በተማሪዎች መካከል ይሆናል። ጥናቱና የሥራው መጠን ዝርዝር ከጥር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ካለቀ፣ የግዥው ሂደት ሐምሌን ዝግጁ ሆኖ ይጠብቃታል፤ አፈር የሚነካው ሥራም በበጋ፣ በዕረፍት ቀናትና በተከለለ ቦታ ሊካሄድ ይችላል። ክረምቱ ለውስጥ ሥራ፣ ማለትም ለኤሌክትሪክ መስመር፣ ለኮርኒስና በመጨረሻም ለቀለም ይመቻል።

ሦስታችን የለካነው ዘጠኝ ገጽ ሆኗል። አንዱን ቅጂ ለርዕሰ መምህሩ፣ ሌላውን ለሚመለከተው ጽሕፈት ቤት አስገብተን ማኅተም አስደርገናል፤ እስከ ዛሬ መልስ አላገኘንም። የተለካው ሁሉ ለወላጅ እንዲታይ በየትምህርት ቤቱ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እንዲለጠፍ፣ ጋዜጣችሁም ስለ እድሳት ሲዘግብ የተቀባውን ግድግዳ ብቻ ሳይሆን ከእድሳቱ በፊት የተደረገውን ልኬት እንዲጠይቅ አደራ እላለሁ። በእኛ ግቢ ቅድሚያ የሚሰጠው ሥራ የሴቶቹ መጸዳጃ ጉድጓድ ነው፤ ቁፋሮው የሰኔ ዝናብ ሳይገባ ካላለቀ ግን እስከ ጥቅምት ድረስ የሚቆፍረው ሰው አይገኝም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የወላጅ መምህር ኅብረት አባል፣ ከአዲስ አበባ