ጉዳዩ፦ በጤዛ ስለተበላሸ ኮምፒውተር የቀረበ ቅሬታ

ለኮምፒውተር ማቀዝቀዣ አቅራቢ ድርጅት የቴክኒክ ክፍል
አዲስ አበባ

በሰኔ መጀመሪያ ባለሙያችሁ የኮምፒውተሬን ፕሮሰሰር ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ሴልሺየስ ድረስ የሚያቀዘቅዝ ባለ ኮምፕረሰር መሣሪያ ገጥሞልኛል። የምተዳደረው በቪዲዮ ቅንብር ስለሆነ ፍጥነት ፈልጌ ነበር፤ በደንብ የቀዘቀዘን ፕሮሰሰር ከወትሮው በላይ ማፍጠን ይቻላልና፤ የጠየቃችሁኝንም ሳልከራከር ከፈልኩ።

ሐምሌ 11 ቀን ማታ መብራት ጠፋ። ከሰዓታት በኋላ ሲመለስ፣ ባለሙያችሁ በራሱ እንዲነሣ አድርጎ ስላስተካከለው ማሽኑ ወዲያው ተነሣ፤ የተቃጠለ ሽታ አፍንጫዬን መታኝና ሶኬቱን ነቀልኩ። ማዘርቦርዱን ፈትቼ ስገለብጠው ከፕሮሰሰሩ መቀመጫ ጀርባ ያለው ብረት አልቦት ነበር። ከፊት የለጠፋችሁትን ስፖንጅ በሁለት ጣቴ ብጨምቀው ውሃው ወደ መዳፌ ወረደ።

ይህን ይዤ ስመጣ የተሰጠኝ መልስ «ውሃ ደፍተህበት ነው፤ ዋስትናው አይሸፍነውም» የሚል ነው። ከጉዳቱ ይልቅ ያሳዘነኝ ይህ ነው። ውሃውን ያመጣው የክፍሌ አየር ነው። 20 ዲግሪ ሙቀትና 70 በመቶ እርጥበት ባለው ክፍል ውስጥ ከ14 ዲግሪ ገደማ በታች የቀዘቀዘ ነገር ሁሉ ጤዛ ይይዛል፤ ከዜሮ በታች የወረደው ደግሞ ውርጭ ይጋገርበታል። መብራት ሲጠፋ ውርጩ ቀልጦ ወደ ፕሮሰሰሩ መቀመጫ ይንጠባጠባል። ክረምት መግባቱንም መብራት መቆራረጡንም ታውቁ ነበር።

መከላከያው የታወቀ ነው፤ እርጥብ አየር ከቀዘቀዘው አካል ጋር እንዳይገናኝ ማድረግ። እናንተ የለጠፋችሁት አየርም ውሃም የሚጠጣ የፍራሽ ዓይነት ስፖንጅ ነው። ቀዳዳዎቹ እርስ በርስ የማይገናኙ የኒዮፕሪን ጎማ ከፊትም ከጀርባም ገብቶ ዳር ዳሩ መታሸግ፣ በፕሮሰሰሩ መቀመጫ ውስጥ ያለው ክፍተትም ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ ቅባት መሞላት ነበረበት። ጀርባው ግን ጭራሽ ራቁቱን ነው የተተወው።

ስለዚህ ማዘርቦርዱና ፕሮሰሰሩ እንዲተኩልኝ፣ ማቀዝቀዣውም በተገቢው መሸፈኛ እንደገና እንዲገጠምልኝ እጠይቃለሁ። ይህንኑ መሣሪያ የገጠማችሁላቸውን ሌሎች ደንበኞችም ዛሬውኑ ደውላችሁ አስጠንቅቁ፤ መብራት ከጠፋ በኋላ ሳያደርቁ እንዳያስነሡ ንገሯቸው። በ15 ቀን ውስጥ የጽሑፍ መልስ ካላገኘሁ አቤቱታዬን ለሸማቾች ጥበቃ አካል አቀርባለሁ።

ስፖንጁንና ማዘርቦርዱን እንዳሉ አስቀምጫቸዋለሁ፤ ባለሙያ ልካችሁ ማየት ትችላላችሁ።

ከሰላምታ ጋር
ደንበኛችሁ