አፍህን ከመዝጋትህ በፊት አፍንጫህን ክፈት

ይድረስ ለምወድህ ጓደኛዬ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? ከተጠፋፋን ስንት ዘመን ሆነን! ስልክ ቁጥር ተቀየረ፣ ሥራ በዛ፣ ዛሬ ነገ ሲባል ዓመታት ነጎዱ። ግን አንድም ቀን ከልቤ ወጥተህ አታውቅም። ሰሞኑን ከእህትህ ጋር በስልክ ተገናኝተን ብዙ አወራን። ስላንተ ስጠይቃት ድምጿ ቀዝቀዝ አለብኝ። ስሊፕ አፕኒያ፣ ማለትም በእንቅልፍ ላይ ትንፋሽ የሚቋረጥበት ሕመም፣ እንዳለብህ በምርመራ መታወቁን፣ ሲፓፕ የሚባለውን በማስክ አየር የሚገፋ ማሽን መጀመርህን፣ አሁን ግን ማሽኑን ወደ ካርቶኑ መልሰህ ማስቀመጥህን ነገረችኝ። «ሌሊት አፉ ይከፈትና አየሩ በአፉ ይወጣል። ጠዋት ምላሱ ከላንቃው ጋር ተጣብቆ ነው የሚነሳው። ባይጠቀምበት ሳይሻለው አይቀርም» አለችኝ። ዝም ማለት አልቻልኩም። ይህን የምጽፍልህ ማሽኑን ከካርቶኑ እንድታወጣው ልለምንህ ነው።

እኔም የምተኛው በዚሁ ማሽን ነው። አንተ የምትለውን ድርቀት አውቀዋለሁ። ከንፈር ይሰነጠቃል፣ ምራቅ ይጠፋል፣ በእኩለ ሌሊት ውኃ ፍለጋ ትነሳለህ። ከሁሉ የሚያናድደው ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ማስክ አድርገህ ተኝተህ፣ ጠዋት ላይ ዓይኑን እንዳልከደነ ሰው መድከምህ ነው። ብዙ ሰው ማሽኑን የሚተወው እዚህ ላይ ነው። አልሠራልኝም ይላል። እውነቱ ግን ሌላ ነው።

ስንተኛ የጉሮሮ ጡንቻ ይላላል። አፕኒያ ያለበት ሰው መተላለፊያው ይጠብበታል፣ አንዳንዴም ጭራሽ ይዘጋበታል። ትንፋሽ ለ10 ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲቋረጥ አንድ አፕኒያ ተብሎ ይቆጠራል። ማሽኑ መድኃኒት አይረጭም፣ ኦክስጅንም አያመርትም። የሚሰጥህ ግፊት ነው። የክፍሉን አየር ስቦ በአፍንጫህ ይገፋል፤ ያ ግፊት ጉሮሮህን ከውስጥ ደግፎ ክፍት አድርጎ ያቆየዋል። ኮሊን ሰሊቫን የተባለው አውስትራሊያዊ ሐኪምና ባልደረቦቹ በ1981 እ.ኤ.አ. ይህን ሕክምና ለዓለም ሲያስተዋውቁም አየሩ የሚገባው በአፍንጫ ነበር። እንግዲህ አፍ ሲከፈት ምን ይሆናል? አየር ቀላሉን መንገድ ነው የሚመርጠው። ወደ ሳንባ ከመውረድ ይልቅ ከላንቃው በስተኋላ ዞሮ በአፍ ይወጣል። የሚያፈስ ጎማ መንፋት በለው። ግፊቱ ይወርዳል፣ ጉሮሮ መልሶ ይዘጋል፣ ማንኮራፋቱ ይመለሳል፣ አንጎል ይባንናል። መባነንህን ጭራሽ ላታስታውሰው ትችላለህ። ለጠዋት የሚተርፍህ ድካሙ ብቻ ነው።

አሁን የምነግርህን ልብ ብለህ አንብብልኝ። አፉ የሚከፈትበት ሰው መጀመሪያ የሚያስበው አፉን ስለመዝጋት ነው። ችግሩ ግን ብዙ ጊዜ የሚጀምረው አፍንጫ ላይ ነው። አፍንጫችን ወደ ውስጥ የምንስበውን አየር ያሞቃል፣ ያረጥባል። አየሩን ስናስወጣ ደግሞ ከሙቀቱና ከእርጥበቱ ከፊሉን መልሶ ይወስዳል። አየሩ በአፍንጫ ገብቶ በአፍ ከወጣ ግን አፍንጫ ይሰጣል እንጂ አይቀበልም። የውስጥ ሽፋኑ ይደርቃል፣ ይቆጣል፣ ያብጣል። ሲያብጥ ይታፈናል። ሲታፈን አፍ የባሰ ይከፈታል። አፉ ሲከፈት አፍንጫው እንደገና ይደርቃል። አየህ ዙሩን? አፍን በግድ መዝጋት ይህን ዙር አይሰብረውም። አፍንጫው የታፈነ ሰው አፉም ከተዘጋበት በምን ይተንፍስ?

ከዚያ በፊት ግን አየሩ የሚያመልጠው በእርግጥ በአፍህ መሆኑን አረጋግጥ። በማስኩ ጠርዝ ወጥቶ ዓይንህ ላይ የሚነፍስ ከሆነ ጉዳዩ የማስኩ ነው። ሲሊኮኑ የፊት ወዝ ይዞ ይሆናል፣ አርጅቶ ይሆናል፣ ወይም ልኩ አልሆነም። እሱ በመታጠብና በመቀየር ይስተካከላል። ማሽንህ የሚያመልጠውን አየር መጠን በየሌሊቱ ይመዘግባል፤ ስክሪኑ ላይ ወይም በስልክህ መተግበሪያ ታየዋለህ። የሬስሜድ ማሽን ከሆነ ወሰኑ በደቂቃ 24 ሊትር ነው። ሌሎች አምራቾች አቆጣጠራቸው ስለሚለይ የአንዱን ቁጥር ከሌላው ጋር አታስተያይ። ደግሞም ዜሮ ካልሆነ ብለህ አትጨነቅ። ትንሽ ትንሽ ማምለጥ ያለ ነው፣ ማሽኑ ራሱ ያካክሰዋል። ማስኩ ላይ ያሉት ጥቃቅን ቀዳዳዎች ደግሞ የተቃጠለ አየር መውጫ ናቸው። ነፋስ ይወጣባቸዋል ብለህ በፍጹም እንዳትደፍናቸው።

አሁን ወደ አፍንጫ። በአለርጂ ወይም በጉንፋን የሚታፈን ከሆነ ከመኝታ በፊት በጨው ውኃ ማጠብ ብዙ ይረዳል። ውኃው ግን ፈልቶ የቀዘቀዘ ወይም ዲስቲልድ (በእንፋሎት የተጣራ) ውኃ ይሁን፤ በቀጥታ ከቧንቧ የተቀዳ ለአፍንጫ አይሆንም። ሐኪም የሚያዘው የስቴሮይድ ስፕሬይም አለ። እሱ ትዕግሥት ይፈልጋል። ሙሉ ጥቅሙ የሚታየው ከቀናት፣ አንዳንዴም ከሳምንታት በኋላ ነው፤ በሁለተኛው ቀን አልሠራም ብለህ አትጣለው። ወዲያው አፍንጫ የሚከፍቱትን እንደ ዛይሎሜታዞሊን ያሉትን ግን ተጠንቀቃቸው። ደስ ያሰኛሉ፣ ግን ከጥቂት ቀናት በላይ ከተጠቀምክባቸው አፍንጫው መልሶ የባሰ ይታፈናል። ሁልጊዜ አንዱ ወገን ብቻ የሚዘጋብህ ከሆነ ደግሞ ከአንገት በላይ ሐኪም ይይህ። የአፍንጫ አጥንት መጣመም ወይም ፖሊፕ (አፍንጫ ውስጥ የሚበቅል ትርፍ ሥጋ) ሊሆን ይችላል። እነዚህን ስፕሬይ ብቻውን ላይፈታቸው ይችላል።

ቀጥሎ እርጥበቱ። ማሽንህ የውኃ ማጠራቀሚያ ካለው ባዶውን አታስተኛው። የሞቀ እርጥበት ያንን የድርቀትና የመታፈን ዙር የሚሰብር ነገር ነው፣ አፍንጫው እንዳይደርቅ ያደርጋል። በዝቅተኛው ጀምርና ጠዋት አፍንጫህ የሚልህን እየሰማህ ከፍ አድርገው። ቱቦው ውስጥ ውኃ ከተጠራቀመና ፊትህ ላይ ከተንጠባጠበ፣ ወይ እርጥበቱን ቀንስ ወይ ቱቦውን ከብርድ ልብሱ ሥር አሳልፈው። የሚሞቅ ቱቦ ካገኘህማ ተገላገልክ። ዲስቲልድ ውኃ ተጠቀም፣ የተረፈውን ጠዋት ጠዋት ድፋው፣ ዕቃውንም እጠበው።

አፍንጫህ ከተከፈተ በኋላ አንድ ነገር ሞክርልኝ። ገንዘብ አይጠይቅም። ቀን ላይ፣ ሳትተኛ፣ ማስክህን አድርገህ ጋደም በልና ማሽኑን አብራው። አፍህን በቀስታ ክፈት። አየሩ በአፍህ ሲወጣ ይሰማሃል፤ ጉንጭህ ሊነፋ፣ ከንፈርህም ሊርገበገብ ይችላል። አሁን አፍህን ዝጋና ምራቅህን ዋጥ። ስትውጥ ምላስህ ወደ ላይ ይወጣና ላንቃህ ላይ ይለጠፋል። እዚያው አቆየው። የምላስህ ጫፍ ከላይኞቹ የፊት ጥርሶች ኋላ ባለው ሸንተረር ላይ ይረፍ፤ ጥርሶቹን ግን አይግፋ። ጀርባው በሙሉ ላንቃውን ይሸፍን። ከዚያ ምላስህን ሳታንቀሳቅስ ከንፈርህን ከፈት አድርግ። አየሩ አይወጣም! በሩን የሚዘጋው ምላስህ ነው፣ ከንፈር አይደለም። ለእኔ ትልቁ ለውጥ የመጣው ከዚህ ነው። መጀመሪያ ሰሞን እንቅልፍ ሲወስደኝ ምላሴ ይወርድ ነበር። ቀን ላይ ሳነብም፣ መንገድ ስሄድም እዚያው ማሳረፍ ስለምድ ግን ቀስ በቀስ ሌሊትም እዚያው መቆየት ጀመረ። ሰውነት ይለምዳል፣ ጊዜ ስጠው።

አተኛኘትህንም ተመልከት። በጀርባ ስትተኛ መንጋጋ በራሱ ክብደት ይወርዳል፣ ምላስም ወደ ኋላ ይንሸራተታል። በጎን መተኛት ለብዙ ሰው ሁለቱንም ያቀልለታል። ትራስህ ከፍ ብሎ አገጭህን ደረትህ ላይ የሚያጣብቅ ከሆነ ቀይረው። ማታ ማታ አልኮልና ማስተኛ መድኃኒት ጡንቻውን ይበልጥ ያላላሉ፤ የታዘዘልህ መድኃኒት ካለ ግን ሐኪምህን ሳትጠይቅ አታቁም።

ስለ አገጭ ማሰሪያ እህትህ ጠይቃኝ ነበር። አንዳንዱን ይረዳል፣ እኔን ግን ብዙም አልጠቀመኝም። ብትሞክረው የሚስብበትን አቅጣጫ አስተውል። አገጭን ወደ ላይ ማንሳት አለበት። ወደ ኋላ የሚጎትት ከሆነ መንጋጋውንም ምላሱንም ወደ ጉሮሮ ይገፋል፣ አፕኒያውንም ሊያባብስ ይችላል። ጥብቅ ስላደረግከው የተሻለ አይሠራም። ደገፍ ካደረገህ ይበቃል።

ፕላስተር ነገር ላይ ግን ጠንከር ብዬ ልናገርህ። አፋቸውን በፕላስተር ለጥፈው የሚተኙ ሰዎች ቪዲዮ ሳታይ አልቀረህም። አፍንጫህ በደንብ ካልተከፈተ አታስበው። ማስታወክ ወይም የምግብ መመለስ ካለብህ፣ መጠጥ ከጠጣህ፣ የሚያደነዝዝ መድኃኒት ከወሰድክ አታስበው። ሌሊት ቢያስመልስህ ወይም መብራት ጠፍቶ ማሽኑ ቢቆም፣ አፍህ ወዲያው መከፈት መቻል አለበት። ሐኪምህ ፈቅዶልህ ካልሆነ በቀር ባትሞክረው ደስ ይለኛል። ስለምወድህ ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎ አፉ አሁንም ካስቸገረህ አፍንጫንም አፍንም አንድ ላይ የሚሸፍነው ማስክ አለልህ። ወደ እሱ መሄድ መሸነፍ አይደለም። አፍንጫቸው ፈጽሞ የማይከፈትላቸው ሰዎች በእሱ ነው ተመስገን ብለው የሚያድሩት። ማሽኑ ቢቆም የውጭ አየር የሚያስገባ መክፈቻም አለው። ግን መጀመሪያ እሱን አልመርጥልህም። ፊት ላይ የሚያርፈው ጠርዝ ሰፊ ስለሆነ ማምለጫው ብዙ ነው፣ በተለይ ጺም ካለህ። ማሰሪያውን ስታጠብቀው ደግሞ መንጋጋን ወደ ኋላ ሊገፋ ይችላል። አንዳንድ ሰው ላይም ከአፍንጫ ማስኩ የበለጠ ግፊት ይጠይቃል።

ግፊት ካልኩ አይቀር፣ የማሽኑን ቁጥር በራስህ አትነካካው። መጠኑ አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 20 ሴንቲሜትር ውኃ ነው፤ ይህ የአየር ግፊት መለኪያ ነው። ከሚገባው በላይ ሲሆን አፍን በርግዶ ይወጣል። ከሚገባው ሲያንስም ትንፋሽ ያጥርህና አየር ፍለጋ አፍህን ትከፍታለህ። ሁለቱም ጠዋት ላይ ያው ድርቀት ነው የሚመስሉት። የሚለያቸው መዝገቡን የሚያነብ ባለሙያ ነው። ስለዚህ መዝገቡን ይዘህ ሂድና «አፌ ይከፈታል፣ ግፊቱ ይታይልኝ» በላቸው። አየር ስታስወጣ ግፊቱን ቀለል የሚያደርግ ማስተካከያ ካለውም ጠይቅ። ማታ የምታወልቀው ሰው ሠራሽ ጥርስ ካለህ ይህንንም ንገራቸው፤ ጥርሱ ሲወጣ የአፍና የጉንጭ ቅርጽ ስለሚለወጥ ማስኩም ምላሱም ማረፊያቸው ይለያል።

ወንድሜ፣ እህትህ ስትነግረኝ የፈራሁት ስለ አፍ ድርቀቱ አይደለም። ያለ ማሽኑ ስለምታድራቸው ሌሊቶች ነው። ያልታከመ አፕኒያ ከደም ግፊት ጋር፣ ከልብ ሕመም ጋር፣ ከስትሮክ ጋር የተያያዘ ነው። መኪናም ትነዳለህ። ቀን ላይ የሚጥልህ እንቅልፍ መሪ ይዘህ ቢመጣስ?

እባክህ ዛሬውኑ ማሽኑን አውጣው። ማስኩን በለስላሳ ሳሙና እጠበው፣ ውኃውን ሙላ፣ አፍንጫህን አጥበህ ተኛ። ሌሊቱን ሙሉ ባይሆንልህም የቻልከውን ያህል እደርበት። ከዚያ ጻፍልኝ። ማስክህ የትኛው ዓይነት ነው? አፍንጫህ የሚታፈነው በአንዱ ወገን ነው ወይስ በሁለቱም? መዝገቡ ላይ የሚያመልጠው አየር ስንት ይላል? ይህን ከነገርከኝ የሚቀጥለውን አብረን እናየዋለን። ለእህትህ ስልኬን ሰጥቻታለሁ፤ በመሸም ሰዓት ቢሆን ደውል፣ አነሳለሁ።

ናፍቆትህ የጸናብኝ
ወዳጅህ