መጠጥ ያቆመ ሰው ላይ በር አትቆልፉ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ባለፈው እትማችሁ ስለ ሱስ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ብዙው ደህና ነው። «ቆራጥ ሰው ዛሬውኑ እርግፍ አድርጎ ይተዋል» የሚለው ምክር ግን ለጠጪ ሲሆን ሰው ሊገድል ይችላል።

አዳማ ውስጥ በድንገተኛ ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። ዓቢይ ጾም ሲገባ የሚመጡልን ሰዎች አሉ። ለዓመታት በየቀኑ አረቄ ሲጠጣ የኖረ ሰው «በቃኝ፣ እርም!» ብሎ ያቆማል፤ ቤተሰቡም ደስ ብሎት ሾልኮ እንዳይሄድ በር ይቆልፍበታል። መጨረሻ ከጠጣ በኋላ ከ6 እስከ 12 ሰዓታት ውስጥ እጁ መንቀጥቀጥ ይጀምራል፣ ላብ ያጠምቀዋል። አንዳንዱን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ውስጥ እያንዘፈዘፈ ይጥለዋል። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ደግሞ ግድግዳው ላይ ጉንዳን የሚያይ፣ የሞተ ወንድሙን የሚያነጋግር አለ። ያኔ «ተለክፏል» ተብሎ ይታሰራል። ነገሩ ሌላ ነው። አልኮል አንጎልን ያደነዝዛል፤ አንጎልም ያንን ለመቋቋም ራሱን ያነቃል። መጠጡ በድንገት ሲቀር፣ በጅቡቲ መስመር ሾፌሮቻችን ቋንቋ፣ ነዳጁ እንደተረገጠ ፍሬኑ ተበጠሰ ማለት ነው።

ጠበል አትውሰዱት አልልም፤ እኔም እሄዳለሁ። ግን መጀመሪያ ሐኪም ይየው፤ ጠበሉ ከሳምንት በኋላም አለ። ሕክምናው ይታወቃል፦ መጠኑ ቀስ በቀስ እየተቀነሰ የሚሰጥ ዳያዜፓም የሚባል ማረጋጊያ መድኃኒት፣ እንዲሁም ታያሚን፣ ማለትም ቫይታሚን ቢ1። ቤተሰብ ገና ከበር «ግሉኮስ ስቀሉለት» ይለናል። የጠጪ ሰውነት ብዙ ጊዜ ታያሚን ያንሰዋል፤ ግሉኮሱ ቀድሞ ከገባ የቀረችውን ጥቂቷንም ይጨርስና አንጎሉን ሊጎዳው ይችላል። ስለዚህ «አስቀድመው ታያሚኑን ይስጡት» ስንል ስንፍና አይምሰላችሁ።

ጫት ያቆመ ሰው ይደብተዋል፣ ይነጫነጫል፣ ሌሊት ዱካክ ይጫነዋል እንጂ ማቆሙ በራሱ አይገድለውም። እዚህ ከተማ የሚያታልለን ጨብሲው፣ ከጫት በኋላ የሚጠጣው መጠጥ ነው። «ልጄ ጫት እንጂ መጠጥ አያውቅም» የምትል እናት ብዙ አይቻለሁ። ጠጋ ብለን ስንጠይቀው ምርቃናውን ለመስበር በየምሽቱ አረቄ ይጠጣል። ለዓመታት! ቤቱ እንደ ጠጪ ስለማይቆጥረው ጫቱን ሲከለክሉት ጨብሲውም አብሮ ይቀራል፤ በሦስተኛው ቀን እኛ ጋ ይመጣል።

የትራማዶል፣ የሕመም ማስታገሻው መድኃኒት፣ ነገር ደግሞ ሌላ ነው። ማቆሙ አጥንት ድረስ ያማል፣ ያስቀምጣል፣ እንቅልፍ ይነሳል፤ ብዙውን ጊዜ ግን አይገድልም። የሚያስፈራኝ ከሳምንታት በኋላ ቢያገረሽበትና የድሮውን መጠን ቢውጥ ነው። ሰውነቱ ልማዱን ረስቷልና ትንፋሹ ሊቆም ይችላል።

በሚቀጥለው እትማችሁ ይህችን ብቻ አውጡልኝ፦ በየቀኑ የሚጠጣ፣ ጠዋት ካልቀመሰ እጁ የሚንቀጠቀጥ፣ ወይም ከዚህ በፊት ሲያቆም ወድቆ የሚያውቅ ሰው ቤቱ ብቻውን አያቁም፤ ከማቆሙ በፊት ጤና ተቋም ይሂድ።

ስሜ ይቆይልኝ
ከአዳማ