የእንጀራ ጋጋሪዋን ጸሎት ማን ይዘምርላት?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

የጥበብ አምዳችሁን አዘውትሬ አነባለሁ። የዘፈን አልበም ሲወጣ ግጥሙን፣ ዜማውን፣ ቅንብሩን አንድ በአንድ ትፈትሻላችሁ። መዝሙር ሲወጣ ግን በአጭር ዜና ያልፋል። አልበሙ ወጣ፣ ምረቃው እዚህ አዳራሽ ነው፣ በቃ። ግጥሙ ምን ይላል ብሎ የሚጠይቅ የለም። እኔ በአጥቢያችን ለመዘምራን ግጥም የምጽፍ ሰው ነኝ፤ ይህ ዝምታ ከልብ ያሳስበኛል።

አሁን አሁን ከምሰማቸው መዝሙሮች ብዙዎቹ ስለ ድል፣ ስለ ከፍታ፣ ስለ ጠላት መውደቅ ናቸው። እግዚአብሔር ከጭንቅ ያወጣው ሰው ድሉን ይዘምር፤ ደስ ይለኛል። ግን እሁድ ጠዋት አዳራሹን የሚሞላው ማን ነው? የታክሲ ረዳቱ አለ። ሌሊቱን ሙሉ ሲጠብቅ አድሮ ሳይተኛ የመጣው ዘበኛ አለ። ጉሊት የምትቸረችር እናት አለች። የቤት ኪራይ የተጨመረበት መምህር አለ። ልጇን በቅርቡ የቀበረች ሴት አለች። እነዚህ ሰዎች እጃቸውን አንስተው ሌላ ሰው ስላገኘው ከፍታ ይዘምራሉ። የራሳቸው ሳምንት በመዝሙሩ ውስጥ የለም።

መጽሐፍ ቅዱስ እንዲህ አላስተማረንም። ከመዝሙር 120 እስከ 134 ያሉትን፣ «የመዓርግ መዝሙር» የሚል ርዕስ ያላቸውን፣ እስቲ በአንድ ቁጭታ አንብቧቸው። እስራኤላውያን ለበዓል ወደ ኢየሩሳሌም ሲወጡ ይዘምሯቸው እንደነበር ይነገራል። ምን አለባቸው? ቤት የሚሠራ ሰው አለ፤ ከተማ የሚጠብቅ ዘበኛ አለ። እያለቀሰ ዘር ተሸክሞ የሚሄድ ገበሬ አለ፤ ነዶውን ይዞ ይመለሳል። በማዕድ ዙሪያ የተቀመጡ ልጆች አሉ። ጀርባዬ ላይ አረሱብኝ የሚል የተጎዳ ሰው አለ። ጡት ጥሎ በእናቱ ላይ ያረፈ ሕፃን አለ። ዘመዶቼ፣ ይሄ እኮ ተራ ኑሮ ነው! እርሻው፣ ጓዳው፣ የጥበቃ ሥራው እንዳለ ወደ ቤተ መቅደሱ ወጣ። ማንም በር ላይ አላስቆመውም።

ልቅሶውም አልተቆረጠም። ከ150ዎቹ መዝሙራት ትልቁ እጅ የሰቆቃና የልመና ነው። «እስከ መቼ?» ብሎ አምላኩን የሚጠይቅ ሰው እናገኛለን። ሰማንያ ስምንተኛውማ ተስፋ እንኳ ሳይጠቅስ በጨለማ ያልቃል። ያም ሆኖ መዝሙር ተብሎ ከመዝሙሮቹ ጋር ተቀምጧል።

ሥራው እንዴት እንደሚሠራ አንድ ነገር ላጫውታችሁ። በቤት ለቤት የጸሎት ኅብረታችን እንጀራ ጋግራ ለሱቆች የምታስረክብ እህት አለች። ሌሊት ተነስታ ነው ምጣድ የምትጥደው። አንድ ቀን የጸሎት ርዕስ ስንጠያየቅ «መብራት እንዳይጠፋብኝ ጸልዩልኝ» አለች። መብራት ከጠፋ ሊጡ ይኮመጥጣል፣ ደንበኛ ይሄዳል፣ የልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያ ይቀራል። ሌሎቻችን ስለ አገልግሎትና ስለ መንፈሳዊ ዕድገት ስንናገር፣ የእሷ ጸሎት ከሁላችንም ይልቅ ለጌታ ጸሎት የቀረበ መሰለኝ፤ «የዕለት እንጀራችንን» ብለን የለ? ፈቃዷን ጠይቄ መዝሙር ጻፍኩበት። አዝማቹ ይህ ነው፦

መብራቱ ቢጠፋ፣ ምጣዱ ቢበርድ፣
አብረኸኝ ነቅተሃል ጎህ እስከሚቀድ።

መዘምራኑ ሲያቀርቡት እናቶች ከመጀመሪያው ዙር ጀምሮ ተቀበሉት። ግጥም የሚያውቁ ሰዎች እንደሚነግሩኝ ቤት አመታቱ ቀላል ነው፣ ቃሉም የአዘቦት ነው። እኔ የፈለግኩት እሱኑ ነው። አዳራሹ ውስጥ ምጣድ የማያውቅ ሰው አልነበረም።

እኛ አገር ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ደርግ ብዙ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናትን በዘጋበት ጊዜ አማኞች በየቤቱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይዘምሩ ነበር። መዝሙሩ በካሴት እየተገለበጠ ከእጅ ወደ እጅ ይሄድ ነበር። ዘማሪ ተስፋዬ ጋቢሶ በእምነታቸው ምክንያት ሰባት ዓመት ታስረዋል፤ እስር ቤት ሆነውም ጽፈዋል። የዚያ ዘመን መዝሙር ዛሬም የማያረጀው የታሰረ፣ የተራበ፣ የናፈቀ ሰው ስለዘመረው ነው ብዬ አምናለሁ። የቀረጻው ጥራት ደካማ ነው። ሰው ግን እስከ ዛሬ ያለቅስበታል።

በሌላ አገርም እንዲሁ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ኦልኒ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ብዙዎቹ ነዋሪዎች ዳንቴል እየሠሩ የሚተዳደሩ ድሆች ነበሩ። ቀድሞ የባሪያ መርከብ አዛዥ የነበረው ጆን ኒውተን እዚያ ሲያገለግል፣ ከጓደኛው ከገጣሚው ዊልያም ኩፐር ጋር መዝሙር ይጽፍላቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1779 ሲታተም 348 መዝሙር ሆነ። ኒውተን በመግቢያው ላይ ከመንጋው መካከል ደካሞችንና ድሆችን መጥቀም እንደሚፈልግ ጽፏል። ዓለም ሁሉ ስለ ጸጋ የሚዘምረው ታዋቂው መዝሙሩ «አሜዚንግ ግሬስ» ለእነዚያ ሰዎች የተጻፈ ነው።

አንዳንድ ወንድሞች «መዝሙር ለእግዚአብሔር ነው፤ ስለ ሰው ኑሮ መዘመር ከዘፈን ጋር መደባለቅ ነው» ይሉኛል። ስጋታቸውን አከብራለሁ። ግን ሐና ምን ብላ ዘመረች? መካን ነበረች፤ በጣውንቷ ትሰደብ ነበር። ካህኑ ዔሊ እንኳ ሰክራለች ብሏታል። መዝሙሯ ከዚያ ከመዋረዷ ወጣ። ማርያምም እግዚአብሔር የተራቡትን እንዳጠገበ፣ ባለጠጎችን ባዶ እጃቸውን እንደሰደደ ዘምራለች። የሰውን ኑሮ ይዘን ስንቀርብ የምናመልከው ያንኑ አምላክ ነው።

የምፈራው ሌላ ነገር ነው። የሰው ችግር መሸጫ ሊሆን ይችላል። የተቸገረ ሰው ፊት በክሊፕ እያሳዩ ማስለቀስ ቀላል ነው። ስለዚህ የሰማነውን ታሪክ ባለቤቱ ሳይፈቅድ መጻፍ የለብንም። ከተፈቀደልንም ሰውየው ሲዘመር ቢሰማው የሚያፍርበት መሆን የለበትም። እኔ ግጥሙን መጀመሪያ የማነበው ለባለታሪኩ ነው። «እንዲህስ አትበል» ካለኝ ያ ስንኝ ይወጣል፣ የቱንም ያህል ቢያምር።

ለወጣት የመዝሙር ጸሐፊዎች የምለው አለኝ። ኪቦርዱ ፊት ከመቀመጣችሁ በፊት ሰው ጋ ሂዱ። ለቅሶ ቤት ተቀመጡ። ሆስፒታል ታማሚ ስትጠይቁ አስታማሚዋንም አነጋግሩ። ቤሩት ወይም ሪያድ በሰው ቤት የምትሠራ እህት ካለቻችሁ፣ ሌሊት ክፍሏ ውስጥ በስልኳ የትኛውን መዝሙር እንደምትሰማ ጠይቋት። ለምን እንደምትሰማውም ጠይቋት። አልበም ሙሉ የሚሆን ነገር ትነግራችኋለች።

ለእናንተ ለአዘጋጆቹ ደግሞ ጥያቄዬ ይህ ነው። መዝሙር ሲወጣ ስለ ግጥሙ ጻፉልን። ደካማ ከሆነ ደካማ ነው በሉን፤ እንቀበላለን። የግጥሙንና የዜማውን ደራሲ ስም ከዘማሪው ስም ጋር አትሙ፤ ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ቦታ ካላችሁም በወር አንድ ጊዜ ከየአጥቢያው የሚላክ አንድ አዲስ የመዝሙር ግጥም አውጡ፤ ከኦርቶዶክሱም፣ ከካቶሊኩም፣ ከወንጌላውያኑም። የመጀመሪያውን እኔ እልካለሁ፤ የእህታችንን ፈቃድ ይዣለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የመዝሙር ግጥም ጸሐፊ፣ ከሐዋሳ